«ረን» ማለት መሮጥ ብቻ ነው? ስለ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ረን»ን የሚያገኘው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። «ሮጠ ማለት ነው» ይባላል፤ ይይዘዋል፤ ያልፋል። ከዚያ አንድ ቀን አፍንጫ «ረን» ያደርጋል። ድርጅት «ረን» ይደረጋል። ወተት «ረን አውት» ይላል። ያኔ ያወቀው ቃል እንግዳ ይሆንበታል። በትርጉም ሥራ ላይ ሆኜ ስለዚህ ቃል ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

645 ትርጉም አለው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ቁጥሩ የመጣው ከኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ቃሉን እንደ አዲስ ሲያዘጋጁት፣ በግስነቱ 645 ፍቺ ተቆጠረለት። ሥራውን የሠሩት ፒተር ጊሊቨር የተባሉ የመዝገበ ቃላት ባለሙያ ናቸው። ይህ አንድ ቃል ብቻ 9 ወር ወስዶባቸዋል።

ከዚያ በፊት ረጅሙን ማብራሪያ የያዘው ሌላ ቃል ነበር። በቴኒስና በመረብ ኳስ «አንደኛው ሴት፣ ሁለተኛው ሴት» ሲባል የምንሰማው «ሴት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ይህን ግስ ለማብራራት ብቻ 60,000 ያህል ቃላት አስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 «ሜክ» በለጠው። በ2007 ደግሞ «ፑት» መሪነቱን ወሰደ። በመጨረሻ «ረን» ሁሉንም አለፋቸው።

ቁጥሩን ስትሰሙ ግን አትደንግጡ። ይህ መዝገበ ቃላት የቃላትን ታሪክ የሚመዘግብ ነው። ከመቶ ዓመታት በፊት የሞተ ፍቺም ይቆጠራል። መርከበኞች ብቻ የሚጠቀሙበትም እንዲሁ። በዛሬ ንግግር የሚያጋጥማችሁ የዚህ ትንሽ ክፍል ነው።

አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ተሸከመ?

አንደኛው ምክንያት ከልደቱ ጀምሮ ሁለት ነገር መያዙ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ ቃል አባቶች የሚሮጥንም የሚፈስንም ይገልጹ ነበር። የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ጀርመንኛን ብታዩ ዛሬም «ሬነን» መሮጥ ነው፣ «ሪነን» ደግሞ መፍሰስ። ስለዚህ ውሃ «ረን» ሲያደርግ ቃሉን ከሯጭ ተውሶ አይደለም። ከመጀመሪያውም ድርሻው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ማሽን ነው። ሰዓት፣ ወፍጮ፣ የእንፋሎት ሞተርና ባቡር ሲስፋፉ ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀስን ነገር የሚገልጽ ቃል ተፈለገ። «ረን» እዚያው ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣም ሌላ ቃል አልተፈለገም፤ ፕሮግራምም «ረን» ተደረገ።

ሦስተኛው የሁሉም ቋንቋ ጠባይ ነው። ብዙ የሚነገር ቃል ብዙ ትርጉም ያጠራቅማል። አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቁጥር አሳይተውታል። እንደ «ረን» ያለ አጭርና የዕለት ተዕለት ቃል በየሰው አፍ ይውላል። በዋለበት ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል።

«ሮጠ» ካልሆነ ታዲያ በአማርኛ ምን ልበለው?

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ነው። መልሴ፦ መጀመሪያ «ሄደ»ን ሞክሩት።

እንግሊዝኛው «ረን» ከሚልባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ላይ አማርኛ የሚያስቀምጠው «ሮጠ»ን ሳይሆን «ሄደ»ን ነው፤ ወይም ከእሱ የተወለዱትን። ሰዓቱ ይሄዳል እንላለን። ሥራው እንዴት እየሄደ ነው እንላለን። ስብሰባ ይካሄዳል፤ ሙከራ ይካሄዳል። የንግድ ሥራ የሚያካሂድ ሰው አለ። መሥሪያ ቤት ለዕለት ተዕለት ሥራው የሚያወጣው ገንዘብ «የሥራ ማስኬጃ» ይባላል፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ «ረኒንግ ኮስት» ይለዋል። ኮምፒውተር ላይ «ረን» የሚለው ትእዛዝም በአማርኛ «አሂድ» ሆኗል። ያንን የመረጠው ሰው በደንብ አስቦበታል ብዬ አምናለሁ። «አሩጥ» ቢባል ኖሮ ማንም አይገባውም ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? «ረን» በአብዛኛው አጠቃቀሙ ፍጥነትን አይናገርም። የሚናገረው ሳይቋረጥ መቀጠልን ነው። ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ነው፤ ውሃው አልቆመም፤ ውሉ አላለቀም። በአማርኛ ይህን ትርጉም የሚሸከመው «ሄደ» ነው። «ሮጠ» ግን ከፍጥነቱና ከችኮላው አይላቀቅም። ይህን ልዩነት የያዘ ተማሪ ከግማሽ በላይ መንገዱን ጨርሷል።

«ሄደ» የማይሠራበት ቦታስ?

አለ፣ ብዙ ነው። እዚያ አማርኛ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱን ቃል አዘጋጅቷል። አፍንጫ ይፈሳል። ልብስ ሲታጠብ ቀለሙ «ረን» ካደረገ ቀለም ለቀቀ ነው። ስቶኪንግ «ረን» ካወጣ ተተረተረ። ጋዜጣ ዜናውን «ረን» ካደረገው አወጣው ወይም አተመው። ለምርጫ «ረን» የሚያደርግ ይወዳደራል። ትኩሳት «ረን» የሚያደርግ አተኮሰው። ቀይ መብራት «ረን» ያደረገ አሽከርካሪ መብራቱን ጥሷል። ቴአትር ለሁለት ዓመት «ረን» ካደረገ ሁለት ዓመት ታየ ማለት ነው።

«ኢት ረንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» የሚለውን ለብቻው ላንሳው። አንድ ጠባይ፣ በሽታ ወይም ተሰጥኦ በቤተሰቡ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ ሲታይ የሚባል ነው። «ቤተሰቡ ውስጥ ይሮጣል» ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። አማርኛ ምን የመሰለ አባባል አለው፤ «በዘራቸው አለ»።

ከ645 የትኛው እንደሆነ በምን ልለይ?

ቃሉን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ተመልከቱ። ሦስት ነገር ይበቃል።

መጀመሪያ ባለቤቱን እዩ። ማን ነው «ረን» የሚያደርገው? እግር ያለው ፍጥረት ከሆነ ሩጫ ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ ከሆነ ይፈሳል። ማሽን ከሆነ ይሠራል። መንገድ፣ አጥር ወይም ሽቦ ከሆነ ደግሞ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ከዚህ እስከዚያ ተዘርግቷል ማለት ብቻ ነው። አውቶቡስ ከሆነ በተወሰነለት ሰዓት ይመላለሳል። ውል ወይም ፈቃድ ከሆነ ይጸናል።

ቀጥሎ ተሳቢውን ፈልጉ። ይህ ወሳኝ ነው። «ሺ ረንስ» ብቻ ከሆነ ትሮጣለች። «ሺ ረንስ ኤ ካምፓኒ» ከሆነ ግን ድርጅት ታስተዳድራለች። «ሺ ረንስ ኤ ቴስት» ምርመራ ታካሂዳለች። «ሺ ራን ኤ ባዝ» («ራን» ያለፈ ጊዜው ነው) መታጠቢያ ገንዳውን ውሃ ሞላች። «ሂ ራን ሚ ሆም» ደግሞ ብዙ ሰው ያስታል፤ በመኪና ቤት አደረሰኝ ማለት ነው። ተሳቢ ኖሮትም ሩጫ ሆኖ የሚቀር አለ፦ «ሺ ራን ኤ ማራቶን» ካለ በእርግጥም 42.195 ኪሎ ሜትሩን በእግሯ ሮጣለች።

በመጨረሻ ከኋላው የተለጠፈችውን ትንሽ ቃል እዩ። «አውት»፣ «ኢንቱ»፣ «ኦቨር»፣ «ዳውን»። ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ የሚገለብጡት እነሱ ናቸው።

«ረን አውት» እና «ረን አውት ኦፍ» አንድ ናቸው?

ሐሳቡ አንድ ነው፣ ባለቤቱ ይለያያል። ያለቀው ነገር ባለቤት ከሆነ «ረን አውት» ይበቃል፤ «ዘ ሚልክ ራን አውት» ማለት ወተቱ አለቀ ነው። ያለቀበት ሰው ባለቤት ከሆነ ግን «ኦፍ» የግድ ነው፤ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ» ማለት ወተት አለቀብን ነው። አማርኛ ይህንን ልዩነት «ብን» በምትለው ቅጥያ ስለሚፈታው «ኦፍ»ን መርሳት ይቀናናል። ጊዜም እንደ ወተቱ ነው፦ «ታይም ኢዝ ረኒንግ አውት»፣ ጊዜው እያለቀ ነው።

ሌሎቹ ተለጣፊዎችስ ምን ያደርጋሉ?

«ረን ኢንቱ» ሁለት ፊት አለው። ሰው ከሆነ ሳይጠብቁት መገናኘት ነው፤ ግድግዳ ከሆነ መጋጨት። «ራን ኢንቱ አን ኦልድ ፍሬንድ» ሲባል ማንም አልተጎዳም። «ረን ኢንቱ»ን ከ«ረን ኦቨር» ጋር አታምታቱ። ጓደኛችሁን «ራን ኦቨር» ካላችሁ በመኪና ገጭታችሁ ሄዳችሁበታል። ስብሰባ «ራን ኦቨር» ከተባለ ግን ከተያዘለት ሰዓት አለፈ ማለት ብቻ ነው።

«ረን ዳውን» ድካም ድካም የሚል ቃል ነው። ባትሪ አለቀ፤ ሕንፃ አረጀ፤ ሰው ዛለ። «ረን አፕ» ከዕዳና ከሒሳብ ጋር ሲመጣ ማጠራቀም ነው። «ረን ስሩ» አንዴ ከዳር እስከ ዳር ማየት፣ መለማመድ። «ረን አወይ» መሸሽ፣ መጥፋት።

ሥራ ቦታ በተደጋጋሚ የምትሰሙት ግን «ረን ኢት ባይ ሚ» ነው። አለቃችሁ እንዲህ ካሏችሁ «ከመወሰናችሁ በፊት አሳዩኝ» ማለታቸው ነው። ሰነዱን ይዛችሁ አጠገባቸው እንድታልፉ አይደለም።

«አይ አም ረኒንግ ሌት» ያለኝ ሰው እየሮጠ ነው?

አይደለም። ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። ቀጠሮው እያለፈበት ነው፣ ሊዘገይ ነው፤ ያለው ይህን ብቻ ነው። እዚህ ላይ «ረን» «ሆነ» ወደሚለው ተጠግቷል። «ረን ድራይ» ደረቀ፣ «ረን ሎው» አነሰ፣ «ረን ሾርት» አጠረ። ሦስቱም ላይ ነገሩን የሚናገረው ተከታዩ ቅጽል ነው፤ «ረን» መንገዱን ብቻ ያሳያል።

በዚሁ አጋጣሚ «ስሪ ዴይስ ረኒንግ»ን አስታውሱ። ሦስት ቀን ሙሉ ሮጠ አይደለም፤ ለሦስት ቀን በተከታታይ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ይህችን ሐረግ ተሳስቼ ተርጉሜ፣ አንድ የታመመ ሰው ሦስት ቀን ሲሮጥ እንደከረመ አድርጌ ጽፌያለሁ። አርታኢዬ ባይይዘው ኖሮ ታትሞ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ረን»ን ሳገኝ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳላነብ አልተረጉምም።

ስም ሲሆንስ?

በክሪኬትም በቤዝቦልም «ረን» የነጥብ ስም ነው። በክሪኬት ሁለቱ መቺዎች ቦታ ሲለዋወጡ አንድ ነጥብ ይመዘገባል፤ በሁለቱ ጫፍ በተተከሉት የእንጨት ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ነው። «ድራይ ረን» ከዋናው በፊት የሚደረግ ልምምድ ነው። የዶሮዎች «ረን» በሽቦ የታጠረ መንጎራደጃቸው ነው። የሳልሞን «ረን» ዓሣዎቹ ዕንቁላል ለመጣል ወንዙን ሽቅብ ሲጓዙ ነው። «ኦን ዘ ረን» የተባለ ሰው ከሕግ እየሸሸ ነው። «ረነር አፕ» ደግሞ አንደኛውን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣው ነው። «ዘ ረንስ» ከተባለ ግን ተቅማጥ ነው፤ የቤት ውስጥ ቃል ስለሆነ መደበኛ ጽሑፍ ላይ አይገባም።

«ባንክ ረን» ለብቻው ይታይ። ደንበኞች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ፈርተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ሲረባረቡ ማለት ነው። በዱሮው ጊዜ ሰው በእርግጥ ወደ ባንኩ በር ይሮጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ግን የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። አብዛኛው ከስልክና ከኮምፒውተር ላይ ነው። ከመቀመጫው ያልተነሳ ሰው «ረን» አደረገ። ቃሉ እግሩን ትቶ ትርጉሙን ይዞ ቀጥሏል።

ያለፈ ጊዜው ያምታታኛል። የቱ ነው ትክክል?

ተራ ያለፈ ጊዜ «ራን» ነው። ከ«ሃቭ» ጋር ሲመጣ ግን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፦ «አይ ሃቭ ረን»። «አይ ሃቭ ራን» በንግግር ይሰማል፣ በጽሑፍ ግን ስህተት ነው። በጆሮ ለመለየት አናባቢውን አድምጡ፤ «ረን» አፍ ብዙም አይከፍትም፣ «ራን» ይከፍታል።

እንግሊዝና አሜሪካ ይለያያሉ?

በጥቂቱ። ለምርጫ መወዳደርን አሜሪካውያን «ረን» ሲሉት እንግሊዞች በተለምዶ «ስታንድ» ይላሉ። አንዱ ሮጠ፣ አንዱ ቆመ፣ ውድድሩ ግን አንድ ነው። የተተረተረ ስቶኪንግም በአሜሪካ «ረን»፣ በእንግሊዝ «ላደር» ይባላል።

ብዙ ትርጉም ያለው ቃልና በድምፅ የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የ«ረን» ፍቺዎች ሁሉ ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። «ባት»ን ግን ተመልከቱ። የሌሊት ወፍ ነው፤ ኳስ መምቻ ዱላም ነው። ሁለቱ በታሪክ አይዛመዱም፤ ከተለያየ ቦታ መጥተው በድምፅ ተገጣጠሙ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ሁለት ቦታ ያስገባቸዋል።

አማርኛም ሁለቱም ዓይነት አለው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል። ሁለት ቃላት ናቸው፤ የሚያገናኛቸው የአጻጻፍ መልካቸው ነው። «ያዘ» ግን አንድ ቃል ነው፣ ቅርንጫፉ ግን የትየለሌ። እጁን ያዘ። ሌባውን ያዘ። ጉንፋን ያዘው። ግጥሙን በቃሉ ያዘ። ቂም ያዘ። ወረፋ ያዘልኝ። «ሥራ ያዘ» ካልን ተቀጠረ ነው፤ «ሥራ ይዣለሁ» ካልን ደግሞ አሁን አትረብሹኝ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው በ«ያዘ» የሚደክመውን ያህል ነው እኛ በ«ረን» የምንደክመው። እኛ «ያዘ»ን በዝርዝር አላጠናነውም። ከነጎረቤቶቹ ስለሰማነው ገባን።

የትርጉም መተግበሪያ ለምን ይሳሳታል?

ብዙ ትርጉም ያለውን ቃል ለማሽን ማስረዳት ያረጀ ችግር ነው። የቋንቋ ሊቁ የሆሹአ ባር ሂለል እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ ምሳሌ አቅርበው ነበር፤ «ዘ ቦክስ ወዝ ኢን ዘ ፔን»። «ፔን» እስክሪብቶ ነው፣ ሕፃን የሚጫወትበት ትንሽ አጥርም ነው። ሳጥን እስክሪብቶ ውስጥ እንደማይገባ ሰው ያውቃል፤ ማሽኑ ግን ያንን ከየት ያመጣዋል? የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ዙሪያውን ስለሚያዩ እጅግ ተሻሽለዋል። አንድ ቃል ብቻውን ስትሰጧቸው ግን የሚያዩት ዙሪያ የለም። ስለዚህ «ረን»ን ብቻ አትጻፉላቸው፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ስጧቸው።

ታዲያ ስንቱን ልያዝ? በየትኛው መዝገበ ቃላትስ?

ለጀማሪ ስድስት ይበቃል፦ መሮጥ፣ መፍሰስ፣ መሥራት፣ ማስተዳደር፣ መወዳደርና ማለቅ። ሌላውን ስታነቡ እየመጣ ይጨመራል። ሲመጣም ቃሉን ለብቻው በደብተር አትጻፉት፤ ከነሐረጉ ጻፉት። «ረን፣ ማስተዳደር» ከሚል ይልቅ «ረን ኤ ካምፓኒ፣ ድርጅት ማስተዳደር»።

መዝገበ ቃላቱን በተመለከተ ለተማሪዎች የተዘጋጀውን ምረጡ። በአብዛኛው በብዛት የሚሠራበትን ፍቺ ያስቀድማል፣ ምሳሌም ይሰጣል። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን ጥንታዊውን ያስቀድማል። እዚያ የምታገኙት የመጀመሪያ ፍቺ ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር የነበረው ሊሆን ይችላል፤ የምትፈልጉት ደግሞ ብዙ ገጽ ወርዳችሁ ነው።